ከገዳሪፍ ወደ ቀይ ባሕር፦ ዕድሜያቸው ለገፋ መንገደኞች የጉዞ መመሪያ

ገዳሪፍ ውስጥ ሠላሳና አርባ ዓመት የኖሩ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ። አንዳንዱ ለሰሊጥ አጨዳ በመተማ ተሻግሮ በዚያው ቀርቷል፤ ሌላው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በኡም ራኩባ መጠለያ አልፎ ከተማ ገብቷል። ሰሊጡና ማሽላው ተጭኖ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ ጆንያውን ሲሰፉና ሲሸከሙ የኖሩት ራሳቸው ናቸውና። ባሕሩን ግን አላዩትም። ልጅ ማሳደግ፣ ኪራይ መክፈል፣ አገር ቤት ገንዘብ መላክ እያለ ዕድሜው አለፈ። አሁን ልጆቹ ደርሰዋል፤ «እማዬን አንድ ቀን ባሕር ላሳያት» የሚል ልጅ አለ። ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ አባቶችና እናቶች፣ ይዘዋቸው ለሚሄዱ ልጆችም ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ይህን ጉዞ በሁለት ቀን አይሞክሩት። ከገዳሪፍ ፖርት ሱዳን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወጣት ሰው ሐሙስ ማታ ተሳፍሮ፣ ዓርብ ባሕር ላይ ውሎ፣ ቅዳሜ ማታ ይመለስ ይሆናል። ስድሳ አምስትን ያለፈ ሰው እንዲህ ከሄደ ግን ባሕሩን የሚያየው እግሩ አብጦ፣ ራሱ ዞሮ ነው። የሱዳን የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው። ከፊቱ ሐሙስን፣ ከኋላው እሁድንና ሰኞን ይጨምሩበት፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ከሰላ ይደሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱ ሰላም መሆኑን ማረጋገጥ

ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ገብታለች። የምሥራቁ ግዛቶች፣ ገዳሪፍ፣ ከሰላና ቀይ ባሕር፣ ከዋናው የምድር ውጊያ ርቀው ቢቆዩም ጥቃት አልደረሰባቸውም ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ፖርት ሱዳንን ለተከታታይ ቀናት መትተዋል፤ የነዳጅ ማከማቻውና አውሮፕላን ማረፊያው ከተመቱት መካከል ነበሩ። ስለዚህ ባለፈው ወር የሰሙት ወሬ አይበቃም። በዚያው ሳምንት ከፖርት ሱዳን የመጣ ሹፌር ፈልገው መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ስንት ኬላ እንዳለ፣ ነዳጅ እንደልብ እንደሚገኝ ይጠይቁት። እዚያ የሚኖር ዘመድ ካለም ይደውሉለት። ጥርጣሬ ካለ ባሕሩ ይቅር፤ ከሰላ ደርሶ፣ ሁለት ሌሊት አድሮ መመለስ ራሱ ደህና ዕረፍት ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። ኢቃማ ያለው ኢቃማውን፣ ፓስፖርት ያለው ፓስፖርቱን ይያዝ፤ ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ገዳሪፍ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ አስቀድሞ ይጨርስ። የስደተኛ መታወቂያ ይዘው የሚኖሩ ከሆነ ከግዛቱ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ፣ እኛ «ተስሪሕ» የምንለው፣ ያስፈልግዎታል። ይህንን ቸል አይበሉ። ኬላ ላይ ወረቀት የጎደለው ሰው ከመኪና ወርዶ ፀሐይ ላይ ይጠብቃል፤ ለሽማግሌ ሰው ደግሞ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆም ቀልድ አይደለም። የሁሉንም ወረቀት ሦስት ሦስት ቅጂ አስነስተው አንዱን ልጅዎ፣ አንዱን እርስዎ ይያዙ፤ ሦስተኛው ኬላ ላይ የሚሰጥ ነው። ኬላ፣ ድልድይ፣ ወታደር ያለበት ቦታና ወደቡ ፎቶ አይነሣም። ልጆቹን አደራ ይበሉልኝ፤ ስልካቸውን ከኪስ የሚያወጡት ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ይሁን።

ወቅቱን መምረጥ

ፖርት ሱዳን በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። የገዳሪፍን ሙቀት የለመደ ሰው «እኔ ምን እሆናለሁ» ሊል ይችላል፤ የባሕር ዳር ሙቀት ግን ሌላ ነው። አየሩ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ በዚያ ወቅት እንዲሄድ በፍጹም አልመክርም። በተጨማሪ ከሰላን የሚያቋርጠው ጋሽ ወንዝ፣ ከላይ በእኛ አገር መረብ የምንለው፣ በክረምት ሞልቶ ከተማዋን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደህናው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ጥር ላይ የፖርት ሱዳን ቀን 27 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ወደ 20 ይወርዳል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የባሕሩ ዳርቻ ዝናብ እንደ ገዳሪፍ በክረምት አይደለም። የሚዘንበው በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ከተራሮቹ የሚወርደው ደራሽ ውኃ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ኅዳርን ከታኅሣሥ፣ ታኅሣሥንም ከጥር ጋር ካማረጥን ጥር ይበልጣል።

ለኦርቶዶክሳዊ መንገደኛ ሌላም ምክንያት አለ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ያሳዝናልና ከገና በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያሉት ሳምንታት ይመረጣሉ። ጥምቀትን ግን ከሰው ጋር ቤትዎ ያክብሩ። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ቀድሞ ይገባል፤ በእነዚህ ዓመታት ወደ የካቲትና ጥር ተጠግቷል። በረመዳን ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፣ የመኪናው ሰዓትም ይለወጣል። ሙስሊም ከሆኑ በጾም ላይ ረጅም መንገድ መጨመር ድካም ነው፤ ክርስቲያን ቢሆኑም መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወስድ ሰው ቀን ላይ የሚበላ አጥቶ ይቸገራል። ቀኑን ከመቁረጥዎ በፊት ሁለቱንም ካላንደር ይመልከቱ።

ሐኪም ዘንድ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት

እዚህ ላይ ረጅም እሄዳለሁ፤ ጉዞውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መንገዱ ሳይሆን የመድኃኒቱ ነገር ነውና።

ለሐኪምዎ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡ፣ ምን ያህል ሙቀት እንደሚጠብቅዎ በግልጽ ይንገሩ። በተለይ ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በመንገድ ቀን መቼ እንደሚውጡት ይጠይቁ። ብዙ ሰው መኪና ውስጥ ሽንት እንዳይመጣበት ብሎ ኪኒኑንም ውኃውንም ይተዋል። ሁለቱም አደገኛ ነው፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሰውነት ይደርቃል፣ ደምም ይወፍራል። ሰዓቱን ማሸጋሸግ ካስፈለገ ሐኪሙ ያሸጋሽገው፤ እርስዎ በራስዎ አያቋርጡ።

መድኃኒትዎን ለአምስት ቀን ሳይሆን ለአሥር ቀን ይያዙ፤ መኪና ሊበላሽ፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። በጦርነቱ ምክንያት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት አልፎ አልፎ ይጠፋልና ፖርት ሱዳን እገዛለሁ ብለው አይተማመኑ። ሁሉንም አንድ ሻንጣ ውስጥ አያድርጉ። ግማሹ በእጅ ቦርሳዎ፣ ግማሹ በልጅዎ ዘንድ ይሁን፤ መኪናው ጣሪያ ላይ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ግን ምንም መድኃኒት አይግባ፣ ፀሐዩ ያበላሸዋል።

ስኳር ያለብዎትና ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ፣ የተከፈተው ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ድረስ ይቆያል። ገና ያልተከፈተውን በረዶ ባለበት ቴርሞስ ይያዙ፤ ግን በፎጣ ጠቅልለው፣ በረዶውን እንዳይነካ አድርገው። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ መጣል አለበት። በረዶ ካጡ በላስቲክ ካሸጉት በኋላ በረጠበ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ጨርቁ ሲደርቅ ቅዝቃዜ ይሰጣል። ስኳር ሲወርድ የሚበላ ከረሜላ ወይም ተምር ኪስዎ ውስጥ ይሁን፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ተምር በዚያ ሰዓት አይደርስልዎትም።

አንድ ወፍራም ወረቀት ላይ ስምዎን፣ ዕድሜዎን፣ የደም ዓይነትዎን፣ ሕመምዎን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የሁለት ዘመድ ስልክ በአረብኛ ያስጽፉ። በላስቲክ ይሸፈንና አንገትዎ ላይ ወይም ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀቱ ግን አይጠፋም።

መኪናው፣ ገንዘቡና ስንቁ

በመስመር አውቶቡስ መሄድ ይቻላል፤ ርካሽም ነው። ለሽማግሌ ሰው ግን ሃይስ በኮንትራት ይዞ መሄድ ይሻላል። የማኅበር፣ የዕድር ወይም የእቁብ ጓደኛሞች ስምንት ወይም ዘጠኝ ሆነው ቢከራዩ ወጪው ይከፋፈላል፣ ትርፉም ብዙ ነው። ሽንት ሲመጣ «ቁም» ይባላል፣ ጉልበቱ የደነዘዘው ወርዶ ይራመዳል፣ ሲመለሱ ሱዋኪን ላይ ሁለት ሰዓት ይቆማል። አውቶቡስ ይህን ሁሉ አይሰጥም። ከሹፌሩ ጋር ሲዋዋሉ በየሁለት ሰዓቱ እንደሚቆም፣ ማታ እንደማይነዳ፣ ከሰላ ላይ በመሄጃም በመመለሻም እንደሚያድር ከዋጋው ጋር አብሮ ይነገር። የመኪናውን ጎማና ማቀዝቀዣ ልጅዎ በዓይኑ ይይ።

ወንበር ሲመርጡ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ይተዉ፤ ወገብ ይሰብራል። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ሁለተኛው ረድፍ ጥሩ ነው። መንገዱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ የሚመታው ቀኙን ነው፤ ሲሄዱ ግራ፣ ሲመለሱ ቀኝ ይቀመጡ። እግርዎን አያነባብሩ። ተቀምጠው ሳሉ ተረከዝና ጣትን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። መኪናው በቆመ ቁጥር ደግሞ ደክሞኛል ብለው ሳይቀሩ ወርደው ይራመዱ።

ስለ ሰዓት አንድ ማሳሰቢያ። ሱዳን ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወዲህ ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሰዓታቸውን በአገር ቤት ሬዲዮ የሚሞሉ አባቶች አሉ፤ ከድንበሩ አጠገብም ስልክ ራሱ የኢትዮጵያን ሰዓት ሊያሳይ ይችላል። ሹፌሩ «ስድስት ሰዓት» ሲል ከንጋቱ 12 ማለቱ መሆኑንም አብረው ያጣሩ።

ገንዘብ በጥሬውም ይያዙ፣ በልጅዎ ስልክ ላይም የባንክ መተግበሪያው ባንካክ ይኑር። በ1000 እና በ500 ፓውንድ ኖቶች ላይ በ2017 ዓ.ም. ለውጥ ተደርጓል፤ ሣጥን ውስጥ የቆየ አሮጌ ኖት ካለዎት መንገድ ላይ አይቀበሉዎትም። ትንንሽ ኖት ይብዛ፤ ሻይና መጸዳጃ ቤት ዝርዝር ይጠይቃሉ።

ስንቁን ከቤት ይያዙ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ የማይበላሹና ሆድ የማያስቸግሩ ናቸው። ጥርሳቸው ለማይችል በሶው ይሻላል፤ በታሸገ ውኃ ይበጥበጥ። ሱዳን ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሰው ገድሏልና መንገድ ላይ ካለ ዚር ወይም ከበርሜል አይጠጡ፣ ጥሬ ሰላጣ አይብሉ፣ ሳሙና ከእጅ ቦርሳዎ አይለይ። ሆድ ካስቸገረዎት አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅለው ቀስ እያሉ ይጠጡ። ይህ ለተቅማጥ ነው፤ ግፊት ያለበት ሰው እንደ ተራ መጠጥ አይጠቀምበት።

ሐሙስ፦ ገዳሪፍ ወደ ከሰላ

ጎህ ሲቀድ ይነሡ። እስከ ከሰላ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ኬላው ካልበዛ ከቀትር በፊት ይገባሉ። ጥቁሩ የገዳሪፍ አፈር እየቀረ፣ አገሩ እየደረቀ ይሄዳል። በመንገድ ላይ ኸሽም አል ግርባ አለ፤ ከእኛ ተራሮች የሚወርደው የአትባራ ወንዝ የተገደበበት ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1964 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በአስዋን ግድብ ሳቢያ ከዋዲ ሐልፋ የተፈናቀሉት ኑቢያውያን የሰፈሩት በዚያው አካባቢ ነው። መኪና ውስጥ ሆነው ይዩትና ይለፉ።

ከሰላ ሲደርሱ መጀመሪያ ይብሉና ይተኙ። ፀሐይ ሲበርድ ወደ ተካ ተራሮች ሥር ይሂዱ፤ ከሜዳው ላይ ድንገት የበቀሉ የሚመስሉት ለስላሳ ድንጋዮች ናቸው። ከተራሮቹ አንዱ በሆነው በተውቲል ሥር ቡና የሚያፈሉ አሉ፤ ቁጭ ብሎ ተራራውን ማየት ይበቃል፣ ለመውጣት አይሞክሩ። አጠገቡ የኸትሚያ መስጊድና የሰይድ ሐሰን አል ሚርጋኒ መቃብር ይገኛል፤ ሙስሊም አባቶች መጎብኘት ይወዳሉ። ከሰላ በፍራፍሬ የታወቀች ናት። ለነገው መንገድ ሙዝና ብርቱካን ይግዙ፤ ልጣጭ ያለው ፍሬ ለመንገደኛ ሆድ ደህና ነው።

ዓርብ፦ ከሰላ ወደ ፖርት ሱዳን

ዛሬ ረጅሙ ቀን ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። በጎህ ካልተነሡ የጁምዓ ሰዓት መንገድ ላይ ይደርስብዎታል፣ ሱቁም ሁሉ ይዘጋል። ሙስሊም መንገደኞች ሶላትን አሳጥረውና አቀናጅተው መስገድ እንደሚፈቀድላቸው ሁሉም ያውቃል፤ ጉልበት የማይታጠፍለት ሰው ተቀምጦ ይሰግዳል።

መንገዱ በደርሁደብና በሃያ በኩል ያልፋል። ሃያ ከከሰላና ከአትባራ የሚመጡት ሁለት የባቡር ሐዲዶች የሚገናኙባት ትንሽ ከተማ ናት። የቤጃ ሕዝብ አገር ነው። ከዝንጅብል ጋር በጀበና የሚፈላው ቡናቸው ጠንካራ ነው፤ አንድ ሁለት ፍንጃል ይጠጡ፣ ግን ከቀትር በፊት። ጨጓራ ያለበት ይለፈው። ሻይ ከጠየቁ ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ፣ የስኳር ሕመምተኛ ያለ ስኳር እንዲያፈሉለት አስቀድሞ ይንገር። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ።

ከሲንካት በኋላ መንገዱ ተራራው ውስጥ ገብቶ ወደ ባሕሩ መጠምዘዝ ይጀምራል። ከባድ መኪኖች ይበዛሉ። ሹፌሩ የቸኮለ ከመሰለዎት ዝም አይበሉ፤ በሱዳን «ያ ሐጅ»፣ «ያ ሐጃ» የሚባል ሰው ሲናገር ይሰማል። ጆሮ ሲደፈን ምራቅ መዋጥ፣ ሲያቅለሸልሽ ዝንጅብል ማኘክና ዓይንን ከመንገዱ ፊት ለፊት አለመንቀል ይረዳል።

ፖርት ሱዳን ከቀትር በኋላ ይደርሳሉ። ማረፊያ ሲመርጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ክፍሉ ምድር ቤት ነው? መጸዳጃው የሚቀመጡበት ነው? ውኃ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ዋዛ አይደለም። ከተማዋ ሁልጊዜም ውኃ ያጥራታል፤ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ውኃ ከሚያጠጧት ምንጮች አንዱ የሆነው የአርበዓት ግድብ ተደርምሷል። በጦርነቱም ብዙ ሰው ስለ ገባባት ማረፊያ ተወዷል፤ ከገዳሪፍ ሳይነሡ በዘመድ በኩል ያስይዙ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለም። ሲመሽ ኮርኒሽ ወርደው ነፋሱን ይቀበሉ፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ይያዙ፤ በጥር የባሕር ነፋስ ማታ ይበርዳል። ዓርብ የጾም ቀን ለሆነባቸው ፉልና ዳቦ የትም አለ፤ ዓሣው ለነገ ይቆይ።

ቅዳሜ፦ ባሕሩ

ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያለውን ጊዜ ለባሕሩ ይስጡት፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይበረታል። በቀይ ባሕር መካከል፣ ፖርት ሱዳን ባለችበት አካባቢ፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጸጥ ባለ ቀን የፕላስቲክ ወንበር ውኃው አፋፍ ላይ አድርገው፣ እግርዎን አስገብተው መቀመጥ ይችላሉ። ከሁሉ የሚሻለው የባሕር ጨዋታ ይኸው ነው። መግባት ካማረዎት እስከ ጉልበት፣ ሰው ይዞዎት፤ ሆድ ሙሉ ሆኖ አይግቡ።

ባዶ እግርዎን ግን በፍጹም። ይህን ለስኳር ሕመምተኛ ሦስት ጊዜ እለዋለሁ። የዛጎሉ ድንጋይ እንደ ምላጭ ነው፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ተቆርጦ ሳያውቀው ይውላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። እሾሃም ዓሦችና የባሕር እሾህም አሉ። ተረከዙ የተሸፈነ የላስቲክ ጫማ ይልበሱ፤ ሲወጡ ጣት በጣት መካከል ድረስ እግርዎን ልጅዎ ይይልዎት። እሾሃም ዓሣ ከወጋ እግሩን ሳያቃጥል በሚቻል ሙቅ ውኃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነክሮ ማቆየት ሕመሙን ይቀንሳል፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። የስኳር ሕመምተኛ ሙቀቱን ራሱ መለካት ስለማይችል ሌላ ሰው በእጁ ይለካለት። የቀይ ባሕር ውኃ ከሌሎች ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ቆዳ ያደርቃል። ሁለት ጆግ ንጹሕ ውኃ አዘጋጅተው ይታጠቡና ቅባት ይቀቡ።

ባሕሩ ጸጥ ካለ፣ ከሥሩ መስታወት ያለው ጀልባ ከተገኘም፣ ይሳፈሩበት። የዛጎል ደኑንና ባለ ቀለም ዓሦቹን ሳይጠልቁ ያዩታል፤ ልጅ አድርጎ የሚያስቀር ነው። መሳፈሪያው ላይ ሁለት ሰው ይደግፍዎ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አይግቡ። ሰንገነብ የሚባለው መብራት ቤት ያለበት የዛጎል ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ዝነኛ ቦታ ነው። ግን ከዳርቻው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ ስለሆነ ለእርስዎ አልመክረውም፤ ማዕበሉ ወገብ ይጎዳል፣ ከታመሙም መመለሻው ሩቅ ነው።

ምሳ ዓሣ ነው። ዓሣ ገበያ ላይ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ልጅዎ መርጦ ዓይናችሁ እያየ ይጠበስ። ናጂል ካገኙ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፣ እሾሁም ትልልቅ ስለሆነ ለዓይነ ደካማ አያስቸግርም። ፈሲኽ ግን ጨው የበዛበት ዓሣ ነውና ግፊት ያለበት አይቅመስ። ከምሳ በኋላ መተኛት ግዴታ ነው።

ማታ እንደገና ወደ ባሕሩ ዳር። ከተማዋ ዕድሜዋ ብዙ አይደለም፤ እንግሊዞች ከ1905 ጀምሮ ሠርተው በ1909 እ.ኤ.አ. የመረቋት ወደብ ናት። መርከቦቹን ከሩቅ ሲያዩ ከገዳሪፍ የተጫነው ሰሊጥ የሚወጣው በዚህ በር መሆኑን ልጆችዎ ይወቁ፤ እርስዎ ይንገሯቸው።

ቅዳሜ ሲመሽ ሰው ይደክማልና አጃቢው በዚህ ሰዓት ይንቃ። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ አልነሣ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ደረት ከጨነቀ፣ ወይም ላብ ቆሞ ሰውነት ከጋለና ሰውየው ከዘባረቀ፣ «ትንሽ ይረፍ» ብሎ መጠበቅ የለም። ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

እሁድ፦ ሱዋኪን፣ ከዚያ ከሰላ

ጠዋት ከፖርት ሱዳን ተነሥተው ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሱዋኪን ናት፤ ወደ ከሰላም መንገዱ ያው ስለሆነ መንገድ አይጨምርም። ከባሕር ዛጎል ድንጋይ የተሠሩት የደሴቲቱ ቤቶች ፈርሰዋል። ትልልቆቹ የእንፋሎት መርከቦች በጠባቡ መግቢያዋ ማለፍ ሲያቅታቸው ንግዱ ወደ ፖርት ሱዳን ዞረና ቤቶቹ ጠባቂ አጡ። ለእኛ ግን ባዕድ ቦታ አይደለችም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ከሚጓዙባቸው መንገዶች አንዱ በሱዋኪን በኩል ወደ ግብፅ የሚወጣው ነበር፤ ኦስማኖችም በ16ኛው መቶ ዘመን «ሐበሽ» ብለው የሰየሙትን ግዛት ያስተዳደሩት ከሱዋኪንና ከምጽዋ ነው። ስንቱ መነኩሴ በእግሩ እዚህ ደርሶ ይህንኑ ባሕር አይቷል። እኔ ከጉዞው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ፖርት ሱዳንን ሳይሆን ይህችን እመርጣለሁ።

ፍርስራሹ ለእግር አስቸጋሪ ነው፣ ግድግዳውም ይናዳል። ከዘራ ይያዙ፣ ወደ ደሴቲቱ በሚያስገባው መንገድ ብቻ ይሂዱ፣ ከግንብ ሥር አይቀመጡ። ጉልበት የማይፈቅድለት ሰው ከዚህ ማዶ ካለው ከተማ ሆኖ ደሴቲቱን በውኃው ላይ ቢያያት ምንም አይቀርበትም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በላይ አይቆዩ፤ ከሰላ በብርሃን መግባት አለብዎት። ሰኞ ጠዋት አርፍደው ተነሥተው ለምሳ ገዳሪፍ ይደርሳሉ።

ቤት ከገቡ በኋላ

በማግሥቱ ግፊትዎንና ስኳርዎን ያስለኩ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባትዎን ካመመዎት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደም እግር ውስጥ ረግቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከመጣ ወባ ነው ብለው በራስዎ አይታከሙ። በከሰላና በፖርት ሱዳን ቀን የምትነድፍ ትንኝ የምታስተላልፈው ዴንጊ አለ፤ ለሐኪሙ የት እንደነበሩ ነግረው ሁለቱንም ይመርመሩ። ውጤቱ እስኪታወቅ ለትኩሳቱ ከፓራሲታሞል በስተቀር አይውሰዱ፤ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን በዴንጊ ላይ ደም ያስፈስሳሉ። ለልብዎ በየቀኑ አስፕሪን የሚውጡ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩት።